መብራት በሄደ ቁጥር ካርዱ ለሚበላሽበት አንባቢ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ዶሮ አረባለሁ። የእንቁላል መፈልፈያ ማሽኔን የሚቆጣጠረው ራስበሪ ፓይ 3 የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ፕሮግራሙን በፓይተን ቋንቋ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። መብራት ድንገት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዴ አልነሳም ይላል፤ ሚሞሪ ካርዱ ተበላሽቶ እንደ አዲስ እጭናለሁ። ጓደኛዬ «የራስህን ኦፕሬቲንግ ሲስተም በዮክቶ ሥራ» አለኝ። ያለኝ ኢንተርኔት የሞባይል ዳታ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጓደኛህ ሐሳብ ጥሩ ነው። ዮክቶ የራስህን ሲስተም የምትሠራበት መሣሪያ ነው፤ ለአንተ ግን ቢልድሩት የሚባለው ሌላ መሣሪያ ይበቃሃል።

አሁን የጫንከው ሲስተም አንተ ሳታየው ካርዱ ላይ ሲጽፍ ይውላል። መብራት የሄደው እየጻፈ እያለ ከሆነ ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎቹ የሚደራጁበት መዋቅር) ይጎዳል። ስለዚህ ሲስተሙ ያለበት ክፍል የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት መሆን የለበትም።

ቢልድሩት ከ2001 ጀምሮ ያለ ነፃ መሣሪያ ነው። ሊኑክስ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት)፣ ቢዚቦክስን (መሠረታዊ ትዕዛዞችን የያዘ ትንሽ ፕሮግራም) እና አንተ የመረጥከውን ብቻ ከሶርስ ኮድ ሠርቶ ካርድ ላይ የሚጫን አንድ ፋይል ይሰጥሃል። ለራስበሪ ፓይ 3 የተዘጋጀ ኮንፊግ (የምርጫዎች ፋይል) አለው፤ ከዚያ ተነሳ። ኮምፒውተርህ ላይ «ሜክ ሜኑኮንፊግ» የሚለውን ትዕዛዝ ስትሰጥ ሜኑ ይከፈትልሃል። ፓይተንንና ፕሮግራምህ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች ምረጥ። ሲስተም ኮንፊገሬሽን ውስጥ ሩት ፋይል ሲስተሙን (ሲስተሙ ያለበትን ክፍል) ሲነሳ ለመጻፍ የሚከፍተው ምርጫ ላይ ያለውን ምልክት አንሳ። ዋናው ነገር ይቺ ናት። የሙቀት መዝገብህን ለብቻው በተከፈለ ትንሽ ፓርቲሽን (የካርዱ ክፍል) ላይ አስቀምጥ፤ እሱ ቢበላሽ እንኳ ማሽኑ ይነሳል። ፕሮግራምህን ኦቨርሌይ በሚባለው፣ ይዘቱ ወደ ሲስተሙ በሚቀዳው ፎልደር አስገባ፤ ሲነሳ አብሮ እንዲጀምር ኢኒት ዲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ስሙ በኤስ99 የሚጀምር ስክሪፕት ጨምር። አንድ ነገር ልብ በል፦ እዚያ ውስጥ አፕት (ፕሮግራም የሚጭነው ትዕዛዝ) የለም። የጎደለ ነገር ካለ ኮምፒውተርህ ላይ መልሰህ ትሠራዋለህ።

ስለ ዳታው አታስብ። ምርጫህን ከጨረስክ በኋላ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሂድና «ሜክ ሶርስ» በል። የሚያስፈልገውን ሁሉ አውርዶ «ዲኤል» ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ቤትህ ገብተህ ያለ ኢንተርኔት ትሠራለህ።

ዮክቶ በ2010 ይፋ የሆነ ትልቅ ፕሮጀክት ነው። የተለያየ ቦርድ ያላቸው ብዙ ምርቶችን ለዓመታት ለሚይዝ ቡድን እኔም እሱን እመክራለሁ። ግን የራሱ መመሪያ ኮምፒውተርህ ላይ በጣም ብዙ ባዶ ቦታ ይጠይቃል፤ ለመልመድም ጊዜ ይወስዳል። ለአንድ ማሽን ይህን ሁሉ ምን አስለፋህ?

ደግሞ ሲስተሙ ቶሎ ቢነሳም መብራት በሌለበት እንቁላሉን አያሞቀውም። ለማሞቂያው ባትሪና ኢንቨርተር አስብበት። እንቁላል 21 ቀን ሙሉ 37.5 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት። አዲሱን ካርድ መጀመሪያ ባዶ ማሽን ላይ ሞክረው፦ እየሠራ እያለ ሶኬቱን ንቀል፣ መልስ፣ ደጋግመህ። ሁሌም ከተነሳልህ ያኔ እንቁላሉን አስገባ።