ተቆርጦ የወጣ የአንጀት ካንሰር ለምን ይመለሳል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«የአባታችን የትልቁ አንጀት ካንሰር በቀዶ ሕክምና ወጥቶለት ነበር። ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ ጉበቱ ላይ ታየ። ሌላ ካንሰር ያዘው ማለት ነው?» (ከኮምቦልቻ)

አይደለም፤ ያው የአንጀቱ ነው። የትልቁ አንጀት ደም ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በጉበት ያልፋል፤ ከእጢው የተገነጠሉ ሴሎችም ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፉት እዚያ ነው። አባታችሁ የተቀደዱ ዕለትም ሴሎቹ ሳይኖሩ አልቀሩም፤ በሲቲ ስካን ለመታየት ግን እጅግ ያንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የባርሴሎና ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ኢኤምፒ1 የሚባለው ጂን የጎላባቸው ሴሎች ጉበት ውስጥ ተደብቀው ይቆዩና ኋላ ያድጋሉ። እነሱን ለይተው ሲያጠፏቸው በሽታው አልተመለሰም።

አብሽሩ፤ ጉበት ላይ ብቻ ከሆነና ቦታው ከፈቀደ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል፣ የሚድንም አለ። «ተሰራጭቷል» በሚል አንድ ቃል ቤት እንዳታስቀምጧቸው፤ ሲቲውን የጉበት ቀዶ ሐኪም ይይላችሁ።

«የእናቴን ናሙና ወደ ፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ወደሚመረመርበት ክፍል) ውሰዱ ተባልን። በምን እንያዘው?» (ከሆጤ፣ ደሴ)

ሥጋው እንዳይበሰብስ በሚጠብቀው ፈሳሽ፣ በ10 በመቶ ፎርማሊን፤ መጠኑ የሥጋውን 10 እጥፍ ያህል ይሁን። አፉ ሰፊ ዕቃ ምረጡ፤ በጠባብ የገባ አንጀት ፎርማሊን ከጠጣ በኋላ ይደርቅና አይወጣም። ስም፣ የተወሰደበት ቦታና ቀን በዕቃው ገላ ላይ ይጻፍ እንጂ በክዳኑ ላይ አይሁን፤ ክዳን ይለዋወጣል። አልኮል ውስጥ አትክተቱት፣ ፍሪዘርም አታስገቡት። ዛሬ ነገ ሳትሉ አድርሱ።

ውጤቱ ሲመጣ ስንት ንፍፊት እንደተመረመረ እዩ። ቢያንስ 12 መሆን አለበት፤ ካነሰ የተደበቀ ካንሰር ሊያመልጥ፣ ደረጃ 3 (ወደ ንፍፊት የደረሰ) የሆነው ደረጃ 2 ተብሎ የሚያስፈልጋቸው ኬሞ ሳይሰጣቸው ሊቀር ይችላል። ያነሰ እንደሆነ ፓቶሎጂስቱ ንፍፊቶቹ የሚገኙበትን ቀሪ ስብ ደግሞ እንዲፈትሽ ሐኪማችሁን ጠይቁ። የፓራፊን ብሎኩም (ናሙናው በሰም ተቀብሮ የሚቀመጥበት) የት እንደተቀመጠ እወቁ፤ ከዓመታት በኋላ የጂን ምርመራ ቢያስፈልግ የሚሠራው ከእሱ ነው።

«ሲኢኤ 3 ነበር፣ አሁን 7 ሆነ። ተመለሰብኝ?» (ከፒያሳ፣ ደሴ)

ሲኢኤ በደም ውስጥ የሚለካ የካንሰር ምልክት ነው፤ በአንድ ቁጥር ግን አይፈረድም። ሲጋራም የጉበት በሽታም ከፍ ያደርገዋል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እዚያው ላብራቶሪ ድገሙት፤ ዳግም ከጨመረ የደረት፣ የሆድና የዳሌ ሲቲ ይነሡ። የሚመለሰው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ስለሆነ፣ ሲኢኤ ለ2 ዓመት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት በየ6 ወሩ ይታያል። ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) ከቀዶ ሕክምናው አንድ ዓመት በኋላ ይደረጋል።

«ኦክሳሊፕላቲን ከጀመርኩ ወዲህ በደሴ ብርድ ውኃ ስነካ ጣቴን እንደ መርፌ ይወጋኛል። ባቆመው ይመለስብኛል?» (ከሸዋ በር፣ ደሴ)

ኦክሳሊፕላቲን የኬሞ መድኃኒት ነው፤ በራስዎ አያቁሙት። ጓንት ያድርጉ፣ ለብ ያለ ይጠጡ። መደንዘዙ እስከ ቀጣዩ ዙር ካልለቀቀ ሐኪምዎ ኦክሳሊፕላቲኑን ብቻ ሊቀንስ ወይም ሊያቆም፣ ሌላውን የኬሞ መድኃኒት ሊያስቀጥል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ12 ሺህ በላይ ታማሚዎች ላይ የወጣ ጥናት፣ የመመለስ አደጋው ዝቅ ያለ ደረጃ 3 ላለባቸው፣ በተለይ ካፔሲታቢን (የሚዋጥ ኬሞ) ከተጨመረበት፣ የ3 ወሩ ሕክምና ከ6 ወሩ ብዙም እንደማያንስ አሳይቷል። ስንተኛ ዙር ላይ እንዳሉና ቁልፍ መቆለፍ እንደቸገርዎት ሳይደብቁ ይንገሩት።