አልጋ ላይ ላሉት እናትሽ ድመት ይምጣ ወይስ ይቅር?

እህቴ፣ እናትሽ ከስትሮክ በኋላ ማውራትም መብላትም እንደቀነሱ ጽፈሽ «ድመት ባመጣላቸው ይጠቅማቸዋል ወይስ በሽታ ያመጣባቸዋል?» ብለሻል። እኔም አባቴን ሱሉልታ ቤቴ አምጥቼ ሳስታምም ሦስተኛ ዓመቴ ነውና ያየሁትን ልንገርሽ።

አባቴ የሰላሌ ገበሬ ናቸው። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር የሚውሉት። ፊዚዮቴራፒስቱ ኳስ ሰጥቶ «በቀን ሦስት ጊዜ ይጨብጡ» ቢላቸው «እኔ ሕፃን ነኝ?» ብለው ወረወሩት። አልፈረድኩባቸውም፤ ዕድሜ ልኩን ሞፈር ሲጨብጥ ለኖረ ሰው ኳስ ምኑ ነው?

ለፋሲካ ከገዛናቸው ዶሮዎች አንዷ በዋዜማው እንቁላል ጣለችና ሳትታረድ ቀረች። ቀኝ እጃቸው ምርኩዝ ስለያዘ ጥሬውን በግራ መዳፋቸው ላይ አደረግሁላቸው። ጣቶቻቸው ስንዴውን እንደጨበጡ ቀሩ። ዶሮዋ በጣቶቻቸው መሃል እየቆነጠረች ስትለቅም አውራ ጣታቸው ተከፈተ፣ ቆይቶ ሌባ ጣታቸው፣ ከዚያ ሌሎቹ። «ቀስ በይ አንቺ!» አሏት። በዚያ ሰሞን ሳይጠየቁ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው። አሁን ጠዋት «በላች ወይ?» ብለው ነው የሚነሱት፤ ለእሷ ሲሉ ግቢ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለው እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል እንኳ ከ160 ዓመት በፊት ለአስታማሚዎች በጻፈችው መጽሐፍ ለረጅም ጊዜ ታማሚ ትንሽ እንስሳ መልካም ጓደኛ ነው ብላለች። በ1980 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ደግሞ በልብ ሕመም ሆስፒታል የገቡ 92 ሰዎችን አንድ ዓመት ተከታትሎ፣ እንስሳ ካላቸው 53 ሰዎች 3፣ ከሌላቸው 39 ሰዎች 11 እንደሞቱ ጽፏል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ እንስሳው አዳናቸው ማለት አይደለም። የአባቴን የግፊት መድኃኒት እኛም አንድ ቀን አላቋረጥንም። እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን ሲያስታምሟቸው የከረሙት ሰው የሚያስቡለት ሲያገኙ መነሳታቸውን ነው።

ስለ በሽታው ፍርሃትሽ ተገቢ ነው። ድመቷን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቢያት፤ ድመትም ይይዛታል። ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። ጸበሉም ቢሆን ከዚያ በኋላ ይደረስበታል። ዓይነ ምድሯ በየቀኑ ይጠረግ፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ከወጣ በኋላ ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጅበታልና። እርጉዝ ሴት ቤት ውስጥ ካለች እሷ አትንካው። ጥሬ ሥጋም አትስጧት። እናትሽ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጭረት ቶሎ አይቆምላቸውም፣ የደነዘዘው ጎናቸው ላይ ከሆነ ደግሞ ላይሰማቸው ይችላልና ማታ ማታ ገላቸውን እዪ። መራመድ ከጀመሩ ድመቷ እግራቸው ሥር እንዳትገባ ተጠንቀቂ። ዶሮ ከመረጣችሁም ከነኳት በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ከሁሉ በፊት ግን እናትሽ ድመት ይወዳሉ? ውሻ ወደ ቤት ሲገባ ጸሎቴን ያረክስብኛል የሚሉ እናት አሉ፤ ድመት የሚጠየፉም አሉ። ልጅ ሳሉ ቤታቸው ምን ይረባ እንደነበር ዛሬ ማታ ጠይቂያቸውና ያሉሽን ጻፊልኝ።