ሀሁን በዜማ ይዘልቃል፣ ፊደሉን ግን አይለይም

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመት ተኩል ሆኖታል። ሀሁን በዜማ ከላይ እስከ ታች ይዘልቀዋል። ከመሀል አንዷን ስጠቁመው ግን ከ«ሀ» ጀምሮ ካልቆጠረ አያውቃትም። መዝሙሩ ጎድቶት ይሆን?
አንዲት እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ አልጎዳውም። ልጅዎ የያዘው ዜማውን ነው፤ ዓይኑ ገና ሥራ አልጀመረም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ሀሁ የጨረሰውን ልጅ «አቡጊዳ» (ፊደሎቹን ከሀሁ በተለየ ተራ) ማስቆጠራቸው ለዚህ ይበጃል፤ ተራው ሲፈርስ ልጁ ፊደሏን ማየት ግድ ይሆንበታል።

231ዱን ፊደል ለጊዜው ይተዉትና በአጭር ግጥም ይጀምሩ። ይቺን ለምሳሌ፦

ዶሮዬ ዶሮ፣
ስሚኝ በጆሮ፤
ጥሬ ልስጥሽ፣
ነይ ወደ ጓሮ።

ሁለት ቀን ያለ ምንም ጽሑፍ፣ ጆሮ እየያዛችሁ ዘምሩ። በሦስተኛው ቀን «ስሚኝ በ...» ብለው ዝም ይበሉ፤ ይሙላው። ከዚያ «ዶ-ሮ»፣ «ጆ-ሮ» እያላችሁ አጨብጭቡ፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ጭብጨባ።

አሁን መዳፍ የሚያህሉ ሦስት ካርዶች ይቁረጡና ዶ፣ ጆ፣ ሮ ብለው በትልቁ ይጻፉ። ሥዕል አይጨምሩ፤ ልጁ ሥዕሉን አይቶ «ዶሮ» ይልና ያነበበ ይመስልዎታል። ዶ እና ሮን ደርድረው በጣት እየነኩ ያንብቡ፤ ከዚያ ሮ ሳትነሳ ዶን በጆ ይተኩ። በዓይን የተለወጠው አናቷ ላይ ያለችው ሰረዝ ብቻ ናት፤ በጆሮም የመጀመሪያዋ ድምፅ ብቻ። ሁለቱ ለውጦች አብረው ሲመጡ ልጁ ራሱ ይደርስበታል፤ ቀድመው አይንገሩት። የ«ጓሮ»ዋን ጓ ለሌላ ጊዜ ያቆዩዋት።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጣት ላይ ነው። ዜማው ሲፈጥን ጣቱ «ሮ» ላይ ደርሶ አፉ ገና «ዶ» ይላል። ዜማውን ያዘግዩት። በቀን ከአሥር ደቂቃ አይለፉ።

ቃል ሲመርጡ ሳድስ (እንደ «ም» ያለውን ስድስተኛውን የፊደል ቅርጽ) ይጠንቀቁ። «አበባ» ሦስት ጭብጨባ፣ ሦስት ፊደል ነው። «ላም» ግን አንድ ጭብጨባ ሆኖ ሁለት ፊደል አለው፤ ጀማሪውን ግራ ያጋባዋል። ሎሚ፣ ቡና፣ ዳቦ፣ ዱባ ይቅደሙ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ውጭ አገር ነው። የአምስት ዓመት ልጃችን የአማርኛ መዝሙር ከስልክ ላይ ሲሰማ ይውላል፤ ቃሉን ግን አጣሞ ነው የሚለው።
አባት፣ ከስቶክሆልም

መልስ፦ ስልኩ ሲሳሳት አያርመውም፣ ቆሞም አይጠብቀውም። እርስዎ በራስዎ ድምፅ ይዘምሩለት። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው አይለይም፤ በዓሉ «ገና» እና «ገና ነው» የምንለው «ገና» ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ልዩነቱን ልጁ የሚይዘው ከእርስዎ አፍ ነው።

እራት ላይ እንካ ስላንትያ ይጫወቱ።
«እንካ ስላንትያ!»
«በምንትያ?»
«በዱባ።»
«ምን አለህ በዱባ?»
«ጠዋት ተክዬው፣ ማታ አበባ።»

ልጁ ትርጉም የሌለው «ቹባ» ቢል ልክ ነው፣ ያጨብጭቡለት፤ ጆሮው ቤት መምታቱን ይዟል። «ጎመን» ካለ ግን ያሰበው ስለ አትክልቱ ነው። ያን ጊዜ «ዱባ ቤት የሚመታው ከአበባ ጋር ነው ወይስ ከጎመን ጋር?» ብለው መጨረሻዋን ባ ረዘም አድርገው ይጠይቁት።