እጀታው የሚያርረው ሞተሩ ደክሞ አይደለም

አንድ ቢላ የሚሠራ አንባቢ ጽፎልኛል። ስፒንድል ሳንደር፣ ማለትም የብርጭቆ ወረቀት የለበሰ የጎማ ሲሊንደር በቁም ዘንግ ላይ እያዞረ እንጨት የሚልግ ማሽን፣ ከገዛ ጥቂት ወራት ሆኖታል። በእጀታው ላይ የጣት ማረፊያውን ጎድጎድ ሲያወጣ እንጨቱ ይጠቁርበታል። ላዩም እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ሞገድ ይሠራል። በቅርቡ ደግሞ አንዱ እጀታ ከብረቱ በፀጉር ስፋት ተላቀቀበት። የብርጭቆ ወረቀቱ ጎማው ላይ እየተንሸራተተ ስላስቸገረው ጎማውን በፕላስተር ጠቅልሎታል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ሞተሩ ደክሞ ይሆን? ትልቅ ልግዛ ወይስ የቁም ትራፓኖዬ ላይ ሲሊንደር ልግጠም?

ወንድሜ፣ ሞተሩን ለጊዜው ተወው። እኔ የጠረጠርኩት ፕላስተሩን ነው።

ፕላስተር ሲጠቀለል መነሻውና መጨረሻው የሚደራረብበት ቦታ አለ። ሲሊንደሩ እዚያ ጋ ይወፍራል። በየዙሩ ያ ጉብታ እንጨቱን አንዴ ይመታዋል፣ ሞገዱም ከዚያ ይመጣል። ለማረጋገጥ ማሽኑን ከሶኬት ንቀል። እርሳስ ጠረጴዛው ላይ አስደግፈህ ጫፉን ወደ ወረቀቱ አስጠጋና ሲሊንደሩን በእጅህ ቀስ ብለህ አዙረው። እርሳሱ አንድ ጎን ብቻ ከነካ አገኘኸው። ፕላስተሩን ልጠህም ያው ከሆነ ግን ወይ ዘንጉ ተጣሟል፣ ወይ ኩሽኔታው ሉዝ ሆኗል።

ወረቀቱ መጀመሪያውኑ ለምን ተንሸራተተ? ከላይ ያለው ዳዶ ሲጠብቅ ጎማው ተጨቁኖ ወደ ጎን ያብጣል። ወረቀቱን የሚይዘው ያ እብጠት ነው። ከርካሽ ማሽን ጋር የሚመጣው ጎማ ግን ቶሎ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ብታጠብቀውም አያብጥም። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ሰው ደህና ማሽን ይዞ በአንድ ቁራጭ ጎማ ሥራው ይበላሻል። ፕላስተር፣ ካርቶን፣ የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ፣ ሁሉንም ከሰዎች ማሽን ላይ ልጬ አውቃለሁ። አንዱም አልሠራም። አዲስ ጎማ ግዛ፣ ከዳዶው ሥር ያለው ሮንዴላም መኖሩን እይ።

አሁን ወደ ማረሩ። ይህቺን ነገር ቢላ ሠሪ ሁሉ ቢያውቃት ደስ ይለኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ልርዘም። ስፋቱ 76 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር ዙሪያው 239 ሚሊ ገደማ ነው። የ13ቱ ዙሪያ 41 ብቻ ነው። ማሽኑ በደቂቃ 2000 ዙር ቢዞር፣ በሁለቱም ላይ ያለ አንድ የወረቀት ቅንጣት በደቂቃ 2000 ጊዜ እንጨቱን ይነካል። ትንሹ ላይ ግን ያንኑ እንጨት ለማንሳት የተሰለፉት ቅንጣቶች ስድስተኛ ያህል ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ስድስት እጥፍ ይለፋል፣ ስድስት እጥፍ ቶሎም ይደንዛል። የደነዘ ቅንጣት አይቆርጥም፣ ይፈትጋል። ፍትጊያው ደግሞ ሙቀት ነው። በዚያ ላይ ትንሹ ሲሊንደር ጎድጎዱ ውስጥ ሲገባ ግማሽ ዙሪያው እንጨት ነክቶ ነው የሚሄደው፣ ነፋስ የሚያገኘው ጥቂት ነው። ሲሊንደሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰውም ለዚሁ ነው። እጀታህ 20 ሚሊ ቢወፍር፣ ባለበት የሚዞር ሲሊንደር ላይ የሚሠራው የ20 ሚሊ ቀበቶ ብቻ ነው። 20 ሚሊ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ 40 ሚሊው ሥራውን ይካፈለዋል። አንድ ማሽን ልግዛ የሚል ሰው ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ይህን እንቅስቃሴ ይጠይቅ። ቀጥሎም ጠረጴዛው ከዘንጉ ጋር በማዕዘን መለኪያ ልክ መሆኑን ይፈትሽ።

እንግዲህ ለጎድጎዱ የሚገባውን ትልቁን ሲሊንደር ምረጥ። ሰፊውን ቅርጽ በ76 ወይም በ50 ጨርስ። ትንሹን ለመጨረሻዋ ኩርባ ብቻ አውጣው። የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80 ቅርጽ ያወጣል፣ 120 ያስተካክላል፣ ከዚያ በላይ በእጅ ነው። እንጨቱን ከሲሊንደሩ መዞሪያ በተቃራኒ ግፋ፣ አንድ ቦታ አትቁም። ወረቀቱ በአቧራ ሲደፈን በማጽጃ ላስቲክ ጥረገው።

የተላቀቀውም እጀታ ያው ሙቀት ነው። ብረቱና ሪቬቱ (እጀታውን ከብረቱ ጋር የሚይዘው ሚስማር) ሙቀት ይዘው ወደ ውስጥ ያስተላልፋሉ። እጀታው የሚለጠፍበት ኮላ፣ ኤፖክሲ፣ ደግሞ አብዛኛው 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ስትሠራ አውራ ጣትህን ሪቬቱ ላይ አሳርፍ። ጣትህ መቆየት ካልቻለ ኮላውም እየተቸገረ ነው፣ አሳርፈው። የተከፈተውን ስንጥቅ በቀጭን ኮላ ለመሙላት ግን አትሞክር፣ ተመልሶ ይከፈታል። አውልቀው፣ ሁለቱንም ፊት አጽዳ፣ አሻክርና እንደገና ለጥፍ። ቶሎ የሚደርቀውን ሳይሆን አንድ ቀን የሚፈጀውን ኤፖክሲ ተጠቀም።

ትራፓኖውን በተመለከተ፣ እባክህ አታድርገው። የብዙ ቁም ትራፓኖዎች የመሰርሰሪያ መያዣ በሾጣጣ ዘንግ ላይ በፍትጊያ ኃይል ብቻ ነው የሚቆመው። ወደ ታች ሲገፋ ይጠብቃል፣ ከጎን ሲገፋ ግን ይላላል። እየዞረ ሊወድቅብህ ይችላል።

ሌላው የምለምንህ ነገር፦ የእንጨት አቧራና የብረት ፍንጣሪ አንድ ላይ አይሂዱ። ቢላ ላይ ይህ የሚሆነው ሳይታወቅ ነው። እንጨቱን እየላግህ ሳለ ድንገት የብረቱ ጠርዝ ይነካል፣ አንዲት ፍንጣሪ በአቧራ መሳቢያው ቱቦ ትገባለች። ከረጢቱ ውስጥ ያለ ደቃቅ አቧራ ሰዓታት ሙሉ ውስጥ ውስጡን ሊግም ይችላል። ስለዚህ የእጀታውን ብረት ቅርጽ እንጨቱ ከመለጠፉ በፊት ጨርስ። ማሽኑ ላይ እንጨቱ ብረቱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አቁምና የቀረውን በሞረድና በእጅ አውርድ። የብረት ሥራ ካለብህ መሳቢያውን አጥፋ፣ አቧራ የሚያጣራ ጭንብል አድርግ፣ ከጠረጴዛው ሥር የተጠራቀመውን አቧራ አስቀድመህ ጥረግ። የስለቱን ግራና ቀኝ ማውጣት ከነጭራሹ የቤልት ግራይንደር (በሚዞር የወረቀት ቀበቶ ብረት የሚሞርድ ማሽን) ሥራ ነው፣ እዚህ አታምጣው።

ቢላውን ስለት ሳታወጣለት፣ በወፍራም ፕላስተር ጠቅልለህ ያዘው። ፕላስተር ደስ የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። ሥራ ስትጨርስም ከረጢቱን እዚያው ትተህ አትሂድ። አውጣና ከቤት ውጭ፣ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ድፋው። ፍንጣሪ አላየሁም ብለህም እንዳትተወው።