ኤስኤስዲ ከመግዛታችሁ በፊት ካቻቪቴ አንሱ

«ስለ ጌም ላፕቶፕ የቸገራችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው እንደ ክረምት ዝናብ ወረደብኝ። ከባሕር ዳር ፔዳ ግቢ፣ ከአባይ ማዶ፣ ከቀበሌ 14፣ አንዱ እንዲያውም ከዘጌ። ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ ሃርድ (ፋይልና ጌም ስለሚቀመጥበት ዕቃ) እና ስለ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣን ዓይነት) ነው፤ ሞላ፣ ዘገየ፣ የቱን ልግዛ። ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ የላፕቶፔ ባትሪ እስኪያልቅ መለስኩ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ጨፍልቄያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኤም ዶት ቱ እና ኤንቪኤምኢ አንድ ናቸው? ሻጩ «ያው ነው» አለኝ።

ጋሼ ስትለኝ ሽበቴን አስታወስከኝ፤ ይሁን። ያው አይደለም። ኤም ዶት ቱ የቅርጽ ስም ነው፤ ማስቲካ የምታክል ቀጭን ሰሌዳ። በዚያ ቅርጽ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይመጣል። አንዱ በድሮው የሳታ መስመር ይሠራል። ሌላው ኤንቪኤምኢ ነው፤ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባለው ፈጣን መስመር ይሄዳል። ከሩቅ ሲታዩ መንታ ናቸው። ወርቃማ ጥርሱን ጠጋ ብለህ እይ። ሳታው ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ የተሸረፈ ነው፣ ኤንቪኤምኢው አንድ ቦታ። ብዙ ጊዜ ነው ያልኩት፤ ላዩ ላይ የተለጠፈውንም አንብብ። ማስገቢያህ ኤንቪኤምኢ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ሳታው ይገባል፣ ግን ላፕቶፑ አያየውም። ርዝመቱንም ለካ። 2280 ማለት 22 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ነው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ራይዘን 7 5800ኤች ነው። የገዛሁት ኤስኤስዲ ሳጥኑ ላይ በሰከንድ 7000 ሜጋ ባይት ይላል። ስለካው ግን 3500 አይሞላም። ተበላሁ?

አልተበላህም። ላፕቶፕህ ራይዘን 7 5800ኤች ነው ብለሃል፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ይህ ፕሮሰሰር የሚችለው እስከ ጄን 3 (የፒሲአይ ኤክስፕረስ ሦስተኛ ትውልድ) ነው። የገዛኸው ኤስኤስዲ ጄን 4 ነው። ሁለቱ ሲገናኙ በቀርፋፋው ልክ ይሄዳሉ። የባሕር ዳር ልጅ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በበጋ ጣና የቱንም ያህል ውኃ ቢይዝ፣ ወደ አባይ የሚወርደው ጨረጨራ ግድብ ላይ በሩ በተከፈተው ልክ ነው። ኤስኤስዲህ ጣና ነው፣ ማስገቢያው ጨረጨራ።

ቁጥሩን ልንገርህ። አራት መስመር ያለው ጄን 3 በተግባር 3500 ሜጋ ባይት በሰከንድ ገደማ ይሰጣል። ጄን 4 ወደ 7000፣ ጄን 5 ደግሞ ወደ 14000 ይጠጋል። የኢንቴል 10ኛ ትውልድ የጌም ላፕቶፖች ጄን 3 ናቸው። ከ11ኛው ጀምሮ ጄን 4 መጣ። በኤኤምዲ በኩል የ5000ዎቹ ኤች ጄን 3፣ የ6000ዎቹ ኤች ጄን 4 ናቸው። ሁለት ማስገቢያ ኖሮት ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚዘገይ ላፕቶፕም አለ። እሱን ከሞዴሉ ማንዋል ፈልግ እንጂ ሻጭ አትጠይቅ። ዕቃህ ግን አልባከነም። አዲሱ በአሮጌው ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ ላፕቶፕ ስትቀይር ነቅለህ ትወስደዋለህ።

ጥያቄ፦ ሳታ «6 ጊጋ በሰከንድ» ይላል። ከ3500 ሜጋ አይበልጥም እንዴ?

ጊጋ ቢት ነው፣ ጊጋ ባይት አይደለም። ይህች ልዩነት ስንቱን ሸውዳለች! ሳታ አንድ ባይት ለመላክ 10 ቢት ይጠቀማል። ስለዚህ ጣሪያው 600 ሜጋ ባይት ነው፤ እጅህ ላይ የሚደርሰው 550 ገደማ።

ጥያቄ፦ ጌም ላይ ግን ልዩነቱ ይታያል? ብሬን ላፍስ ወይ?

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ከሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ ብትሄድ የሰማይና የምድር ልዩነት ነው። ድሮ ማፑ እስኪከፈት ቡናው ሁለተኛ ይደርስ ነበር። ከሳታ ኤስኤስዲ ወደ ኤንቪኤምኢ ስትሄድ ግን አብዛኛው ጌም ላይ የምታተርፈው ጥቂት ሰከንድ ነው። ከጄን 3 ወደ ጄን 4 ደግሞ ሰዓት ይዘህ ካልቆጠርክ አታውቀውም። ኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) አይጨምርልህም፤ እሱ የግራፊክስ ካርዱና የፕሮሰሰሩ ጉዳይ ነው። ዳይሬክት ስቶሬጅ የሚባለውን ዘዴ የሚጠቀሙ ጌሞች አሉ፤ እነሱ ፈጣን ኤንቪኤምኢ ሲያገኙ ይጠቀማሉ። ግን ገና ጥቂት ናቸው። እኔ ብሆን በአንድ ዋጋ 500 ጊጋ ጄን 4 እና 1 ቴራ ጄን 3 ቢቀርብልኝ ዓይኔን ሳላሽ ቴራውን አነሳለሁ። ዛሬ 100 ጊጋ የሚበላ ጌም ብርቅ አይደለም። ኤስኤስዲን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት፤ ሲጠብበት ይዘገያል።

ጥያቄ፦ ልጄ «ሃርድ ቀይርልኝ» እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። እውነት ያስፈልገዋል?

አባቴ፣ እርስዎ ራስዎ ማየት ይችላሉ። ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። በሚከፈተው ገጽ ላይ ዲስክ የሚለው 100 በመቶ ላይ ተተክሎ ከቀረ ልጁ እውነቱን ነው። ሜሞሪ የሚለው ከሞላ ግን የሚያስፈልገው ራም ነው። ሁለቱም ዝቅ ብለው ከታዩ ደግሞ... ከልጁ ጋር ይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ 100 ጊጋ ጌም ስገለብጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ኤስኤስዲ ብገዛ ይፈጥናል?

መጀመሪያ የምትሰካበትን ቀዳዳ እይ። ዩኤስቢ 2 ከሆነ በሰከንድ 35 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ 100 ጊጋ 48 ደቂቃ ይወስዳል። ኤክስተርናል ሃርዱን በዩኤስቢ 3 ብትሰካው በ100 ሜጋ ባይት ሒሳብ 17 ደቂቃ ነው። ሳታ ኤስኤስዲ ከሆነ 4 ደቂቃ አይሞላም። ትንንሽ ፋይሎች ሲበዙ ግን ሁሉም ይጎተታል። ስቲም (የጌም መግዣና ማውረጃው ፕሮግራም) ላይ ከሆነ የጌሙን ፎልደር ስቲምአፕስ ውስጥ ኮመን የሚለው ሥር አስቀምጠህ «ጫን» በለው። ያለውን አግኝቶ ይፈትሻል፣ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ኢንተርኔትህን ቆጠብክ ማለት ነው። ሌላም ልንገርህ፤ የሚሽከረከር ሃርድ እየሠራ በባጃጅ ኮብልስቶን ላይ አትሂድ። አጥፍተህ ያዘው።

ጥያቄ፦ ማስገቢያው አንድ ብቻ ነው። ዊንዶውሴን ሳላጠፋ እንዴት ልቀይር? መብራትስ መሃል ላይ ቢሄድ?

አዲሱን ኤስኤስዲ በዩኤስቢ የሚሰካ ኬዝ ውስጥ አድርገው። የሳታና የኤንቪኤምኢ ኬዝ ስለሚለያይ አጣርተህ ግዛ። ከዚያ ክሎንዚላ በሚባል የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም ገልብጠው፤ ነፃ ነው። ምንጩና መድረሻው እንዳይምታታብህ ግን ሁለቴ አንብብ፤ ከተገለበጠብህ ባዶውን በሙሉው ላይ ትጽፋለህ። መብራት ቢሄድ የላፕቶፑ ባትሪ ይሸከምሃል፤ ስለዚህ ሞልተህ ጀምር። ቢቋረጥ እንኳ አሮጌው እየተነበበ እንጂ እየተጻፈበት ስላልሆነ እንደነበረ ነው። ከሁሉ በፊት ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) መብራቱን አለመብራቱን እይ። ከበራ የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፍ። እሱ የሌለው ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ ዊንዶውስ ስጭን ኤስኤስዲው አይታይም።

ኢንቴል 11ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቪኤምዲ የሚባለው የኢንቴል የዲስክ መቆጣጠሪያ ነው፤ መጫኛው ያለ ድራይቨር አያልፈውም። የኢንቴል አርኤስቲ ድራይቨር ፍላሽ ላይ አድርገህ በመጫኛው ገጽ ላይ አስገባለት። ወዲያው ብቅ ይላል።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ 16 ቴራ ኤክስተርናል ኤስኤስዲ በርካሽ አግኝቻለሁ። ልግዛ?

አትግዛ! እኔም አንድ ጊዜ በልቶኛል። «2 ቴራ» የሚል ገዛሁ፤ ዊንዶውስም 2 ቴራ ብሎ አሳየኝ። ፎቶዎቼን ሞላሁበት። ስከፍታቸው ግማሹ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ብሎኑን ፈትቼ ሳየው ውስጡ የስልክ ሚሞሪ ካርድ ተለጥፎበታል። ሱቁን ብመለስበት «እኛም ስናመጣው አላወቅንም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ በሚባል ፕሮግራም ዳር እስከ ዳር ሳልሞላ ምንም ነገር አልቀበልም።

ጥያቄ፦ ፈርቼ ነው እንጂ ራሴ ልፈታው ነበር። ይበላሽብኛል?

እህቴ፣ እጅሽ ከማንም አያንስም። ዋስትናው ካላለቀ ግን መጀመሪያ ወረቀቱን አንብቢ። ላፕቶፑን አጥፊ፣ ቻርጀሩን ንቀዪ። ጠረጴዛ ላይ ገልብጪው። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ሥለሽ እያንዳንዱን በቦታው አስቀምጪ። ክዳኑን በቢላ አትነካኪው። ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ በጠርዙ እያስገባሽ ዙሪው፤ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይለቃል። ድምፁ ያስደነግጣል፣ ግን ጤነኛ ነው። የባትሪውን ሶኬት ቀስ ብለሽ ንቀዪ። አንዲት ትንሽ ብሎን ስትፈቺ ኤስኤስዲው ራሱ በአንድ ጎኑ ቀና ይላል። አዲሱንም እንደዚያው አዘንብለሽ አስገቢ፣ ተጭነሽ ብሎኑን እሰሪ። ወፍራም የብረት ማቀዝቀዣ አትጨምሪበት፤ ክዳኑ አይገጥምም።

ጥያቄ፦ 1 ቴራ ገዝቼ 931 ጊጋ ብቻ ነው የሚያሳየው። 69ኙ የት ሄደ?

ፋብሪካው በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024። የትም አልሄደም።