አንጎልን አቀዝቅዞ ስትሮክን ማከም ይቻላል? ጠይቁኝ

ስትሮክ የያዘውን ሰው አንጎሉን ብቻ ስለማቀዝቀዝ ብዙ እየተጠየቅኩ ነው። የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ቅዝቃዜ ምን ይጠቅማል?
አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ከኦክስጅናችን ግን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ብዙው ስትሮክ የሚመጣው የአንጎል የደም ስር ሲዘጋ ነው፤ ያኔ ቀለቡ ይቋረጥበታል። ሲቀዘቅዝ ፍጆታው ይቀንሳል፣ ሴሎቹም እስኪደረስላቸው ትንሽ ይቆያሉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ መላ ሰውነትን ማቀዝቀዝ አይቀልም?
ተሞክሯል፤ ጣጣው ብዙ ነው። ነቅቶ ያለ ሰው ወደ 34 ዲግሪ ሲወርድ ይንቀጠቀጣል። ማስታገሻው ያደነዝዘዋል። የሳንባ ምችም በርከት ብሎ ታይቷል። አውሮፓ ውስጥ 1500 ሕሙማን ሊያሳትፍ የተነሳ ጥናት 98 ላይ ቆመ። በዚህ ቁጥር ይሠራልም አይሠራምም ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ አንጎልን ለይቶ ማቀዝቀዝስ? በቆብ ነው?
ቆብ አለ፤ ግን አዋቂ ላይ ከላይ ከላይ ነው የሚያቀዘቅዘው። ከውስጥ 37 ዲግሪ የሆነ ደም ያለማቋረጥ ይመጣል። እኔ ተስፋ የማደርገው በደም ስር በሚገባው ነው። ሐኪሞች የረጋውን ደም ስበው ለማውጣት ብዙ ጊዜ ከብሽሽት ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ፤ በዚያው መንገድ ቀዝቃዛ ሳላይን (ንጹህ የጨው ውሃ) ይለቀቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ የቻይና ሙከራ 26 ሕሙማን በ4 ዲግሪ የቀዘቀዘ 350 ሚሊ ሊትር ያህል ሳላይን ተሰጣቸው። የቀረው ሰውነታቸው ሙቀት እምብዛም አልወረደም። ይህ ግን «ማድረግ ይቻላል ወይ?» ለሚለው እንጂ «ያድናል ወይ?» ለሚለው መልስ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ለሕፃናት ይሠራል ሲባል ሰምቻለሁ።
ሲወለዱ ታፍነው ለተጎዱ ነው፤ በ6 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ72 ሰዓት። እሱም ቢሆን በሕንድ፣ በባንግላዴሽና በስሪላንካ ሲጠና አልጠቀመም፤ እንዲያውም ሞት ጨምሯል። እና ማሽኑን ገዝቶ ማምጣት ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ፦ እናቴ ደም ግፊት አለባቸው። ድንገት ቢታመሙ ራሳቸው ላይ በረዶ ላድርግ?
ኧረ ተይ እህቴ! ፊታቸው ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ ወይም ንግግራቸው ከተኮላተፈ ሰዓቱን ያዢና ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ውሰጃቸው። «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ሲፈለግ ጊዜው ያልፋል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው። ውሃም አታጠጪያቸው፣ ትን ሊላቸው ይችላል።

ጥያቄ፦ ትኩሳት ካላቸውስ?
እሱ ሌላ ነገር ነው። ትኩሳት የአንጎልን ጉዳት ያባብሳል። ሆስፒታል ውስጥ ከ38 ዲግሪ ካለፈ ያወርዱታል፣ መነሻውንም ይፈልጋሉ። አስታማሚ ከሆንሽ ገላቸው ሲግል ለነርሷ ንገሪያት፤ ተራ እስኪደርስ አትጠብቂ።