«ትራፊክ የአካባቢ ጉዳይ አይደለም» ላሉሽ

ጠያቂያችን የምትኖረው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ከቤቷ ፊት ለፊት ሆቴል፣ የገበያ ማዕከልና አፓርታማ ያለው ትልቅ ግንባታ ሊጀመር ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ልጆቿ በሳይክል ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚያው ነው። ለምክክር በተጠራ ስብሰባ ላይ የመኪናውን ነገር ብታነሳ «እሱ የመንገድ ጉዳይ እንጂ የአካባቢ ተፅዕኖ አይደለም» ተባለች። መክሰስ እችላለሁ ወይ ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ የተባልሽው ልክ አይደለም። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሚመለከተው ውሃና አፈርን ብቻ አይደለም፤ አንቀጽ 2ን ብታነቢው የሰው ጤናና ደህንነት፣ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ኑሮም አለበት። ልጅ በሳይክል በሲኖትራክ መሃል እየተሹለከለከ ማለፉ የደህንነት ጉዳይ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አንቀጽ 8 ደግሞ ባለሀብቱ የሚያቀርበው የተፅዕኖ ጥናት ሪፖርት ቀጥተኛ ያልሆነውን ተፅዕኖ፣ የሚቆይበትን ጊዜና መቀነሻውን ጭምር እንዲያሳይ ያስገድዳል።

ክሱ ይቆይሽ። መጀመሪያ ሪፖርቱን እጅሽ አስገቢ። በአንቀጽ 15 መሠረት የክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሪፖርቱን ለሕዝብ ክፍት ማድረግና አስተያየት መቀበል አለበት። በቃል አትጠይቂ፤ ማመልከቻ ጽፈሽ መዝገብ ቤት አስገቢና ቀሪውን ማኅተም አስመቺበት።

ሪፖርቱን ስታገኚ መኪናው የተቆጠረው መቼ እንደሆነ እዪ። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከሆነ ቁጥሩ አያስተማምንም። ባጃጅና ሳይክልስ ተቆጥረዋል? ባሕር ዳር ላይ እነሱን ትቶ ትራፊክ አጠናሁ የሚል ሰው ከተማዋን አያውቃትም። ሆቴሉ ብቻ ተሰልቶ የገበያ ማዕከሉ «ምዕራፍ ሁለት» ተብሎ ተዘሎ ከሆነም ያዢው፣ ይቺ የታወቀች ብልጠት ናት። «አዲሱ የዓባይ ድልድይ አለ እኮ» ሊሉሽም ይችላሉ። እውነት ነው፣ በ2016 የተከፈተው ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት ኖሮት በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር አለው፤ ግን እሱ ወንዙን ያሻግራል እንጂ የአንቺን ሰፈር መንገድ አያሰፋም።

ዋናው ነገር ግን መፍትሔ ተብሎ የተጻፈው ነው። «ትራፊክ ፖሊስ ያስተናግዳል» የሚል ካገኘሽ ባለሀብቱ ሥራውን ለሌላ መሥሪያ ቤት ሰጥቶ እጁን ታጥቧል ማለት ነው። መግቢያና መውጫው በሰፊው መንገድ በኩል ይሁን፣ የጭነት መኪና ተማሪ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት አይግባ፣ የሳይክልና የእግረኛ መስመር ይሠራ፣ ማቆሚያው ግቢ ውስጥ ይሁን፣ ይህ ሁሉ በማን ገንዘብ እንደሚሠራ ይጻፍ፣ ሕንፃው ሥራ ከመጀመሩ በፊትም ይለቅ በይ። (ማቆሚያው ምድር ቤት ከሆነ፣ ሐይቁ ቅርብ ነውና ሲቆፈር የሚወጣው ውሃ የት እንደሚደፋም ጠይቂ።)

እነዚህ ነገሮች የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ለግንባታው በሚሰጠው ፈቃድ ላይ ቅድመ ሁኔታ ሆነው እንዲገቡ በጽሑፍ ጠይቂ። አንቀጽ 9 ፈቃድ በቅድመ ሁኔታ መስጠትን ይፈቅዳል፤ ባለሀብቱ ካላከበረው ደግሞ በአንቀጽ 12 ፈቃዱ ሊታገድ ወይም ሊሰረዝ ይችላል። ስብሰባ ላይ በማይክ የተገባልሽ ቃል ግን እዚያው ይቀራል።

አስተያየትሽን ችላ ብለው ፈቃዱን ከሰጡ በአንቀጽ 17 ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቤት በይ፤ በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። በባለሀብቱ ላይ ደግሞ ሌላ በር አለሽ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 አካባቢ ላይ ጉዳት የሚያደርስን ወይም ሊያደርስ የሚችልን ሰው ማንም፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለዚሁ መሥሪያ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። በ30 ቀን መልስ ካጣሽ ወይም ውሳኔው ካላረካሽ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችያለሽ። ቀኑን ቁጠሪ፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው።

ደግሞ ቁፋሮው ሳይጀመር የቤትሽን ግድግዳ በደንብ ፎቶ አንሺ፣ ቀኑ የሚታይ ይሁን። ከመጠን ያለፈ ንዝረትና ጩኸት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ለብቻው ያስጠይቃል፤ ግድግዳው ቢሰነጠቅ «ድሮም የተሰነጠቀ ነበር» ማለታቸው አይቀርም።